ካርዱን ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የጽዳት ድርጅት አለሽ፤ ባለፈው ዲሴምበር የአካባቢሽ ንግድ ምክር ቤት ባዘጋጀው የበዓል ግብዣ ላይ ሠላሳ ቢዝነስ ካርድ አድለሽ አንድም ሰው አልደወለልሽም። ዘንድሮም ተጠርተሻል፤ ጾም ላይ ነሽ፣ መጠጥም አትቀምሺም፤ «ሄጄ ምን አገኛለሁ?» ብለሻል። ሂጂ። ካርዱን ግን ቦርሳሽ ውስጥ ተዪው።

እኔ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ የሒሳብና የታክስ ሥራ ስሠራ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንዳንቺው ነበርኩ። አዳራሽ ስገባ ዐይኔ የሚፈልገው ደንበኛ ነበር። ሰው እጄን ጨብጦ ስሙን ሲነግረኝ ልቤ ቀጥዬ በምናገረው ላይ ስለሆነ ስሙን ወዲያው እረሳዋለሁ። ይህ ደግሞ ያስታውቃል። ለገንዘቡ እንደተፈለገ ለመረዳት ማንም ሰው ጊዜ አይፈጅበትም፤ ሐበሻም ሆነ ፈረንጅ።

አንድ ምሽት ግን ካሮት፣ ብሮኮሊና ጥቂት የወይን ፍሬ በሳህን ይዤ ካፖርት መስቀያው አጠገብ ቆሜያለሁ። ከቀረበው ምግብ ሥጋ ወይም አይብ ያልነካው ይኸው ብቻ ነበር። አጠገቤ አንድ አዛውንት ከዘራ ተደግፈው ቆመዋል። ሳህኔን አዩና «ሐኪም ከለከለህ እንዴ?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አልራበኝም» ብዬ አልፈው ነበር። ያን ቀን እውነቱን ተናገርኩ፦ ጾመ ነቢያት ላይ ነኝ፤ ጾማችን ከህዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል፤ ገናችን ደግሞ የሚውለው ጃንዋሪ 7 ነው። ሰውየው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እናቴ ከግሪክ የመጣች ነበረች፤ እሷም ከገና በፊት አርባ ቀን ትጾም ነበር» አሉ። ከዚያማ ወንበር ስበን ተቀመጥን። እሳቸው እናታቸው ስለምትሠራው፣ ሆምጣጤ ጠብ ስለሚደረግበት የምስር ሾርባ፣ እኔ ስለ እናቴ ሽሮ ስናወራ ሰዓቱ ሄደ። ማተሚያ ቤት እንዳላቸው ያወቅሁት ሊሄዱ ሲነሡ ነው። ስለ ታክስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

መኪናዬ ውስጥ እንደገባሁ ሦስት ነገር ጻፍኩ፤ ስማቸውን፣ የእናታቸውን ሾርባ፣ በዓመቱ መጨረሻ ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና እንደሚያደርጉ። ጃንዋሪ 7 ጠዋት ከቅዳሴ ተመልሼ ደወልኩላቸው። «ዛሬ ገናችን ነው፣ ጾሙ ተፈታ፤ ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው። በዚያ ሳምንት የዲሴምበሩ የመልካም ምኞት ካርድ ሁሉ ተጥሏል፤ ግብዣ ላይ «እንገናኝ» ያለው ሰው ሁሉ ዝም ብሏል። የእኛ በዓል ዘግይቶ መምጣቱ ትልቅ ጸጋ ነው፤ ስልክ ለማንሣት እውነተኛ ምክንያት ይሰጥሻል።

የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ የሰጡኝ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን አባቴ አዲስ አበባ ባረፉ ጊዜ ለቅሶ ቤቴ መጥተው፣ ቋንቋውን ሳይሰሙ፣ ከሰዉ መካከል ሙሉ ምሽት ተቀምጠዋል። ይህን ካየሁ በኋላ ግብዣን በደንበኛ ቁጥር መለካት አቆምኩ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ከቤትሽ በልተሽ ሂጂ። በተባለው ሰዓት ድረሺ፤ አዳራሹ ሳይሞላ አሥር ሰው ብቻ ሲኖር ሰላምታ ይቀላል፣ አዘጋጆቹም ፋታ አላቸው። ውኃሽን በግራ እጅሽ ያዢ፣ ቀኝ እጅሽ ለሰላምታ ይሁን፤ ብርጭቆሽ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የሚጠይቅሽ የለም። እኛ ያደግነው ታላቅን ሰው ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው ተብለን ነው፤ እዚህ ግን ዐይን መስበር የሚደብቁት ነገር ያለ ያስመስላል። እኔን ይህን መልመድ ከእንግሊዝኛው የበለጠ አስቸግሮኛል። ሐበሻ ካገኘሽ ሞቅ አድርገሽ ሰላም በይና እለፊ፤ ከእሱ ጋር ጥግ ይዘሽ ከቀረሽ ምሽቱ አለቀ።

ስምሽንም አታሳጥሪ። ብዙ ሰው ለፈረንጅ እንዲቀል ብሎ ስሙን ይቆርጠዋል፤ እኔ አልስማማም። ቀስ ብለሽ ጥሪላቸው፣ ትርጉሙን ንገሪያቸው፤ ሁለተኛው ስምሽ የቤተሰብ ስም ሳይሆን የአባትሽ መሆኑን ስትነግሪያቸው እነሱም የአያታቸውን ስም ታሪክ ማውራት ይጀምራሉ።

ከዚያ በኋላ አድምጪ። በዲሴምበር የአነስተኛ ንግድ ባለቤት ልብ ዓመቱን በመዝጋት ላይ ነው፤ ለሠራተኞቹ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳየውን የደብሊው ቱ (W-2) ቅጽ እስከ ጃንዋሪ 31 ማድረስ አለበት፣ አንዱ ሠራተኛ ለቆበታል፣ የቤት ኪራይ ተጨምሮበታል። ይህን ሲነግርሽ ወለል ስለማጽዳት አታንሺ። ልትረጂው የምትችዪው ነገር ካለ ግን፣ የምታውቂው ታማኝ ቧንቧ ሠራተኛም ቢሆን፣ ስልኩን እልክልሃለሁ በዪና በማግስቱ ላኪ። እኔ አንድ ጊዜ ለአንድ የአበባ ሱቅ ባለቤት እንዲህ ያለ ቃል ገብቼ ረሳሁ። በዓመቱ እዚያው አዳራሽ ስንገናኝ ሰላምታዋ ቀዝቅዞ ነበር፤ ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል።

ካርድ ከጠየቁሽ ስጪ። ካልጠየቁሽ ግን የእነሱን ተቀበዪ፤ ጃንዋሪ 7 የምትደውዪው አንቺ ነሽና።

አዛውንቱ አሁን ጡረታ ወጥተዋል፤ ማተሚያ ቤቱን ልጃቸው ይዛዋለች። ባለቤቴ በየዓመቱ ለገና ድፎ ዳቦ ስትጋግር አንዱን ቁራሽ በፎጣ ጠቅልላ ለብቻ ታስቀምጣለች። ሳይቀዘቅዝ አደርስላቸዋለሁ።