ስለ አይስ ሆኪ ቅጣት ለጠየቅከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ ከጓደኞችህ ጋር የአይስ ሆኪ የዓለም ሻምፒዮናን ልታዩ ነው። ዳኛው ሰው ሲያስወጣ ምክንያቱ ስለማይገባችሁ ጭቅጭቁ ከጨዋታው በላይ ሆኖባችኋል። እኔ የቅጣቱን ደንብ ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

1. ፔናሊቲ ሲባል እኛ የሚታየን ፍፁም ቅጣት ምት ነው። እሱን እርሳው። እዚህ የተቀጣው ወጥቶ 2 ደቂቃ ይቀመጣል፣ ቡድኑም በጎደለ ሰው ይጫወታል። በዚህ መሃል ጎል ከገባባቸው ቅጣቱ ያበቃል። ለከባድ ጥፋት የሚሰጠው የ5 ደቂቃ ቅጣት ግን ጎል ቢገባም አያልቅም።

2. የአሜሪካውን ሊግ የሚያይ ጓደኛ ካለህ ተጠንቀቅ። እዚያ የተደባደበ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ይመለሳል። በዓለም ሻምፒዮና ግን ከጨዋታው ይባረራል።

3. "ሆን ብሎ አይደለም" ብለህ አትከራከር። ዱላህ ሽቅብ ወጥቶ የተጋጣሚህን ፊት ከነካ፣ ባታስበውም ትቀጣለህ። እኔን 1000 ብር ያስከፈለኝ ይሄ ነው።

የካቲት 18 ቀን 2010 ዓ.ም. እሁድ ነበር። የፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ፍጻሜ፤ ጀርመን በአንድ በኩል፣ ያለ ባንዲራቸው የመጡት ሩሲያውያን በሌላ በኩል። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ10 ይጀምራል። ካዛንቺስ አንድ ካፌ ሄጄ ሥራ አስኪያጁን ለመንኩት። 300 ብር ከፈልኩና እስከ 3 ሰዓት ተኩል ተስማማን። የዐቢይ ጾም ነው፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ነው። እኛ ሦስት ሆነን ስፕሪስ ይዘን ተቀመጥን።

ጀርመን 3 ለ 2 እየመራች ከ2 ደቂቃ ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ሲቀር፣ ከሩሲያውያን አንዱ ተቀጣ። አለቀ ብለን ጮህን። እነሱ ግን በረኛቸውን አውጥተው ተጫዋች ጨመሩና ቁጥሩ እኩል ሆነ። ጎላቸው ባዶ ነው! ጀርመኖች እዚያ አንዲት ፓክ (እንደ ኳስ የሚመቷት ጠፍጣፋ ክብ ነገር) መላክ አቃታቸው። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ሲቀር የሩሲያው ጉሴቭ አስገባ። 3 ለ 3። ትርፍ ሰው ስላለህ ብቻ አታሸንፍም የምለው ከዚያን ቀን ጀምሮ ነው።

ተጨማሪ ሰዓት ሊጀመር ሲል ሥራ አስኪያጁ ሪሞት ይዞ መጣ። "ሰዓታችሁ አልቋል። ሌላ 300 ጨምሩ።" ፍጻሜ መሆኑን አስረዳሁት፣ ለመንኩት። ቀና ብሎም አላየኝም። ቻናሉን ቀይሮ ፊልም ከፈተ። ባዶ ቤት ውስጥ፣ ሌላ የሚያይ ሰው በሌለበት! ከ10 ደቂቃ ያነሰ ጨዋታ ነበር የቀረው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ውጤቱን መንገድ ላይ በስልክ ሰማሁ። የጀርመኑ ፓትሪክ ራይመር ተቀጣ፣ በዚያው ክፍተት የሩሲያው ካፕሪዞቭ አገባ። 4 ለ 3። ንዴቴ ሳይበርድ "ዳኛው ዘረፋቸው" አልኩ። ጓደኛዬ አልተቀበለኝም፣ በ1000 ብር ተወራረድን። ያኔ 1000 ብር ብር ነበር። ማታ ምስሉን ደግመን አየነው። ዱላው ከፍ ብሏል፣ የሚያከራክር አይደለም። ሰኞ ጠዋት ከፈልኩ።

ከዚያ በኋላ የደንብ መጽሐፉን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። አሁን ጠረጴዛችን ላይ ክርክር ሲነሳ ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚዞረው።

የዓለም ሻምፒዮናው ግንቦት ላይ ስለሚሆን ከአውሮፓ እግር ኳስ ማጠቃለያ ጋር ይጋጭብሃል። ካፌዎቹ ለሆኪ ግድ የላቸውም። ስለዚህ ስትስማማ ሰዓት አትጥራ፣ "እስከ መጨረሻው ፊሽካ" በል። ግማሹን ብር ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስጥ። በ2025 እ.ኤ.አ. ስቶክሆልም ላይ አሜሪካና ስዊዘርላንድ የፍጻሜውን 60 ደቂቃ ያለ ጎል ነው የጨረሱት። አሜሪካ 1 ለ 0 ያሸነፈችው በተጨማሪ ሰዓት ነው። እንደ እኔ ተዋውለህ ቢሆን ኖሮ አንዲት ጎል ሳታይ ትወጣ ነበር።