«ትኩረት የለውም» የተባለ ልጅ በመጀመሪያ ጆሮው ይታይ

እኅቴ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጅዎ ትእዛዝ እንደማትከተል፣ በክፍል ውስጥ በሐሳብ እንደምትጠፋና ውጤቷ እንደወረደ፣ ትምህርት ቤቱም አስጠኚ እንዲቀጥሩላት እንደመከረዎት ገልጸው «ምን ላድርግ?» ብለው ጠይቀዋል። ጥያቄዎን ሳነብ ከአራት ዓመት በፊት የእኔ ወንድ ልጅ የነበረበትን ሁኔታ ሰው የጻፈልኝ መሰለኝ። ስለዚህ እኔ በልጄ ላይ የሠራሁትን ስሕተት እርስዎ እንዳይደግሙት ዘርዘር አድርጌ ልመልስልዎ።

1. አስጠኚ ከመቅጠርዎ በፊት የመስማት ምርመራ ያስደርጉላት። «ትሰማለች እኮ፣ ስትፈልግ በደንብ ትሰማለች» ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ፤ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር፣ ልጄን የአንድ ዓመት ትምህርት ያሳጣውም ይኸው አባባል ነው። በብዙ ሕፃናት ላይ ከጉንፋን በኋላ ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል። የመካከለኛውን ጆሮ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው ቱቦ በልጅነት አጭር፣ ጠባብና ወደ አግድም ያዘነበለ በመሆኑ ፈሳሹ በቀላሉ አይወርድም። አብዛኛውን ጊዜ ሕመምም ትኩሳትም ስለሌለው ልጁ «ጆሮዬን አመመኝ» አይልም፤ የመስማት ኃይሉም አንድ ሳምንት ቀንሶ በሌላው ሳምንት ስለሚሻሻል ወላጅም መምህርም «ሲፈልግ ይሰማል» ብለው ይደመድማሉ። ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት ሲያናግሩት የሚመልስ ልጅ፣ መምህሩ ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሲናገርና ጎረቤቶቹ ሲንጫጩ ግማሹ ንግግር ያመልጠዋል።

2. የመምህሯን አስተያየት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መቼ፣ በየትኛው ትምህርት፣ የት ተቀምጣ እንደሆነ ተለይቶ ይጻፍልዎ። «ትኩረት የላትም» የሚለው ፍርድ እንጂ ምልከታ አይደለም። እኔ ይህን የጠየቅሁት በጣም ዘግይቼ ነው። መልሱ ሲመጣ ልጄ በሰሌዳ ላይ በሚጻፍ ሒሳብ ምንም ችግር እንደሌለበት፣ የሚሳሳተው በቃል ጽሕፈትና በቃል በሚሰጥ ትእዛዝ ብቻ እንደሆነ ታየ። የቆዩ ደብተሮቹን አውጥቼ ስመለከት «ሠራ» የተባለውን «ፈራ» ብሎ ጽፎ አገኘሁ። እንደ ስ፣ ፍ፣ ት ያሉት ድምፆች በተፈጥሯቸው ደካማ ስለሆኑ ጆሮ ትንሽ ሲታፈን ቀድመው የሚጠፉት እነሱ ናቸው። እኔ ግን እነዚያን ደብተሮች ዓመቱን ሙሉ ሳይ ከርሜ፣ በእያንዳንዱ ስሕተት ቃሉን ሃያ ጊዜ እንዲጽፍ ሳስገድደው ነበር። የጨዋታ ሰዓቱን ለአስጠኚ ሰጠሁበት። አስጠኚው ቅን ሰው ነበር፤ ነገር ግን ልጁ በደንብ ያልሰማውን ነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ ከማስረዳት በቀር ምን ሊያደርግ ይችል ነበር? ልጄ በዓመቱ መጨረሻ «እኔ ደደብ ነኝ» ማለት ጀመረ፤ ከሁሉም በላይ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

3. ሦስተኛው ምክሬ ስለ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ነበር፤ ነገር ግን በቅድሚያ ነገሩ እንዴት እንደታወቀ ልንገርዎ። አንድ ምሽት መብራት አጥፍቼ ተረት ስነግረው አቋረጠኝና «አባዬ፣ መብራቱን አብራልኝ፤ አፍህን ካላየሁ አይሰማኝም» አለኝ። በማግስቱ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ሐኪሙ ታምቡሩን በመሣሪያ አየ፣ እንቅስቃሴውንም ለካ፤ ከዚያ ልጁ ማዳመጫ አድርጎ ድምፅ በሰማ ቁጥር ቁልፍ እንዲጫን ተደረገ። በሁለቱም ጆሮዎቹ ውስጥ ፈሳሽ ነበር።

የምርመራውን ወረቀት ይዤ ልጁ ወደ ፊት ወንበር እንዲዛወር ለመጠየቅ ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ቆሜ ከጠበቅሁ በኋላ ሰውዬው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሥርዓት ቤት ውስጥ ይጀምራል፤ እኛ ያለብን አንድ ልጅ ብቻ አይደለም» ብሎ አሰናበተኝ። በዚያው ወር ልጄ «አልታዘዝም ብሏል» ተብሎ በክፍሉ ጥግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ እንዲቆም ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 28 የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት አያያዝ ከሕፃኑ ሰብአዊ ክብር ጋር የሚጣጣም መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። ይህንኑ ጠቅሼ ለርእሰ መምህሩ በጽሑፍ አመለከትኩ፤ ልጄ በሦስተኛው ቀን ወንበር ተቀየረለት። በቃል ጠይቄ ያጣሁትን በደብዳቤ ስላገኘሁ እርስዎም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የሚጠይቁት ነገር ለማንም ትምህርት ቤት ከባድ አይደለም። ከመምህሯ አጠገብ ትቀመጥ፤ መምህሯ ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ አድርጋ ትናገር፤ ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ ልጅዎ በራሷ ቃል እንድትደግመው ይደረግ። የክፍል ኃላፊው መምህር ይህን መፈጸም በጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ የልጄ የቃል ጽሕፈት ስሕተት በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ እኔ በቅጣትና በአስጠኚ በዓመት ያላመጣሁት ለውጥ ነው። ያንን መምህር እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

ስለ ሕክምናው ብዙ አልልም፣ የሐኪሟ ጉዳይ ነው። ፈሳሹ በአብዛኞቹ ልጆች ላይ በሦስት ወር ገደማ በራሱ ስለሚጠፋ ቀጠሮ ሰጥተው ይጠብቁት ይሆናል፤ አይደንግጡ፣ ቀጠሮውንም አይዝለሉ። ቤት ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ያቁም፤ ጭሱ ችግሩን ያባብሳል። የእኔ ልጅ ፈሳሽ ስላልጠፋ በታምቡሮቹ ላይ ትንንሽ የአየር ማስገቢያ ቱቦዎች ተደረጉለት። በዚያው አጋጣሚ ዓይኗንም ያስመርምሩ፤ እንቅልፏንም ይመልከቱ፣ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት ይኖርበታል።

ልጄ አሁን ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ባለፈው ወር በክፍሉ ፊት ቆሞ ራሱ የጻፈውን ታሪክ አነበበ። ሆኖም «ደደብ ነኝ» ማለቱን ያቆመው ጆሮው ከዳነ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነበር። እኔም ተቀምጬ «ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ አንተ አልሰነፍክም፣ አይሰማህም ነበር» ብዬ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። እርስዎም እስካሁን ተቆጥተዋት ከሆነ ውጤቱ በመጣ ቀን ይህን ይንገሯት።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፤ የምርመራውን ዋና ወረቀት ለትምህርት ቤቱ አይስጡ። የእኛን «ፋይል ውስጥ የለም» ብለውን ልጁ እንደገና ተመርምሯል፤ ቅጂውን ሰጥተው፣ መቀበላቸውን በሁለተኛው ቅጂ ላይ ያስፈርሙ።