ቆዳው ከመልፋቱ በፊት ያለው ሥራ

ውድ እህቴ፣ በኬሚስትሪ ተመርቀሽ ሥራ ስትፈልጊ ከአንድ ቆዳ ፋብሪካ የጥሬ ቆዳ ዝግጅት ክፍል እንደጠራሽ፣ ቤተሰቦችሽ ግን «ይሄን ሁሉ ተምረሽ ሞራ ልትፍቂ ነው?» እያሉ እንዳስጨነቁሽ ጽፈሻል። የላቦራቶሪ ቦታ እስኪከፈት ልጠብቅ ወይ ብለሽም ጠይቀሽኛል።

አትጠብቂ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ስለ ደኅንነቱ አጥብቀሽ ጠይቂ።

ቆዳ በአብዛኛው የሚበላሸው ከመልፋቱ በፊት ነው። ከተገፈፈ በኋላ ቶሎ ጨው ካላገኘ ባክቴሪያ ይራባበታል፤ ፀጉሩ ሳብ ሲያደርጉት ይነቀላል፣ የላይኛው ገጹም ይጎዳል። ቢላ ያረፈበትም እንዲሁ ነው። ይህን ጉዳት በማጠናቀቂያ ክፍል በቀለም ይሸፍኑት ይሆናል እንጂ አያድኑትም።

ሥራው ደግሞ የተማርሽው ኬሚስትሪ ነው። ጨው የበላው ቆዳ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ጨውና ደሙ ይወጣል፣ ያጣውንም እርጥበት መልሶ ያገኛል። ቀጥሎ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) 12 አካባቢ በሆነ የኖራና የሶዲየም ሰልፋይድ ውህድ ውስጥ ፀጉሩ ይለቃል፣ ቆዳው ያብጣል፤ ሥጋና ሞራው በማሽን ይፋቃል። ከዚያ ኖራው በአሞኒየም ጨው ይወጣል። መውጣቱን ለማወቅ ወፍራሙን ቦታ በቢላ ቆርጠሽ የተቆረጠው ጎን ላይ አልካላይ ሲነካው ሮዝ የሚሆነውን ፌኖልፍታሊን ጠብ ታደርጊበታለሽ፤ መሃሉ ላይ ሮዝ መስመር ከታየሽ ኖራው ገና አልለቀቀም። ቀጥሎ ቆዳውን የሚያለሰልሰው ኢንዛይም በደንብ ከሠራበት በኋላ ደግሞ አውራ ጣትሽን ጫን ስታደርጊበት አሻራሽ ታትሞ ይቀራል። ይህን በዓይኑና በጣቱ የለየ ኬሚስት ላቦራቶሪ ሲገባ ከማንም በላይ ይፈለጋል።

ሽታው ይለመዳል። እኔ የምፈራልሽ ጋዙን ነው። ሰልፋይድ ያለበት ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጂን ሰልፋይድ ይወጣል። መጀመሪያ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ መጠኑ ሲበዛ ግን አፍንጫ ማሽተቱን ስለሚያቆም፣ ሽታው ጠፋ ብሎ መረጋጋት ሕይወት ያስከፍላል። ጉድጓድ ወይም ድራም (ቆዳው የሚዘጋጅበት ትልቅ ተሽከርካሪ በርሜል) ውስጥ የወደቀ ባልደረባቸውን ለማውጣት ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ገብተው አብረው የቀሩ ሠራተኞች አሉ።

ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ላይ ሳታፍሪ ጠይቂ፦ የኖራውና የአሲዱ ፍሳሽ በየራሱ ቦይ ነው የሚሄደው? የጋዝ መለኪያ አለ? ድራም ውስጥ ገብቶ የሚያጸዳው ማነው፣ ማንስ ይፈቅድለታል? ጓንት፣ ቦት ጫማና መነጽር ፋብሪካው ያቀርባል? ከጥሬ ቆዳ አባሰንጋ ሊተላለፍ ስለሚችል ስለ ሕክምና ምርመራም አንሺ። «አይዞሽ፣ ሁላችንም ለምደነዋል» ብቻ ካሉሽ ሥራውን ብትተዪው ይሻላል።

መልሳቸው ካረካሽ ግን ግቢ። ስትፈርሚም ወደ ላቦራቶሪ የመዛወር ዕድልሽ በውሉ ላይ እንዲሰፍርልሽ ጠይቂ፤ በቃል ብቻ የተሰጠ ተስፋ አለቃ ሲቀየር ይረሳል።