ከዋሽንግተን አዲስ አበባ፦ ሲሄዱ 13 ሰዓት፣ ሲመለሱስ?

መጀመሪያ አገር ቤት የገባሁ ጊዜ ትኬቴ ላይ የመድረሻው ሰዓት 6:30 ይላል። ለአክስቴ ደወልኩና «ስድስት ተኩል ላይ ቦሌ ነኝ» አልኳት። እሷም እንዳልኳት በስድስት ተኩል ከች አለች፤ በጠራራ ፀሐይ። እኔ ያረፍኩት ግን ገና ሲነጋጋ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሻንጣ ላይ ተጎልቼ ጠበቅኳት። እስከ ዛሬ ይተረብብኛል።

ስለዚህ ለቤተሰብ ከመደወላችሁ በፊት ሰዓቱን ወደ ሀበሻ ቀይሩት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል። ትኬቱ በ15 ቀን 00:30 ካለ፣ ኤርፖርት የምትሄዱት በ14 ማታ ነው። ቤተሰብም «የ14 ሌሊት 6:30» ነው የሚለው። በዚህ ምክንያት በረራ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው።

ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ጠዋት ተነስታችሁ በማግስቱ ጠዋት ስትደርሱ 20 ሰዓት የበረራችሁ ይመስላል። አየር ላይ የምትቆዩት ግን 13 ሰዓት ገደማ ነው። ቀሪው የሰዓት ልዩነት ነው፤ አሜሪካ ሰዓቷን ስለምታዛውር አንዴ 7፣ አንዴ 8 ይሆናል።

ሲመለሱ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ መንገደኛና ጭነት ይዞ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችሁ የነበረው የሰማይ ነፋስም አሁን ፊት ለፊት ይመጣል። ሲደማመር 16 እና 17 ሰዓት ይገባል። «ጠዋት ደርሼ ሥራ እገባለሁ» እንዳትሉ። እኔ ሞክሬው ስብሰባ መሀል አንኮራፍቻለሁ።

እናታችሁን የምታስመጡ ከሆነ ደግሞ ዊልቸር አስመዝግቡላት። «እኔ አንካሳ ነኝ?» ብላ ትቆጣ ይሆናል፤ ግን ቋንቋ ለማይችል ሰው ዋናው ነገር እየገፋ እስከ መውጫው የሚያደርሰው ሰው ማግኘቱ ነው። መቀመጫዋ በመተላለፊያው በኩል ይሁን፣ በየሁለት ሰዓቱ ተነስታ እግሯን ታፍታታ። ጾም ከሆነ የጾም ምግብ ቀድማችሁ እዘዙ፤ አለዚያ እስክትደርስ ዳቦና ሻይ ነው። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒቷ በእጅ ቦርሳዋ ይግባ እንጂ ከበርበሬው ጋር ሻንጣ ውስጥ አይጫን። የምታርፍበትን አድራሻና ስልካችሁን በትልቁ ጽፋችሁ ከፓስፖርቷ ጋር አስይዟት፤ ኢሚግሬሽኑ ሊጠይቃት ይችላል።