ለሠራተኞቼ የምገዛው የጤና ኢንሹራንስ የእርግዝና መከላከያ ቢሸፍን ኃጢአቱ የእኔ ይሆናልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥያቄ፦ መምህር፣ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። እኔና ባለቤቴ በአሜሪካ አረጋውያንን በየቤታቸው የሚንከባከብ አነስተኛ ድርጅት አለን። 14 ሠራተኞች አሉን፤ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ኦርቶዶክሳውያንም፣ ፕሮቴስታንቶችም፣ ሙስሊሞችም ይገኙባቸዋል። ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ ልንገዛላቸው ወስነን፣ ወኪሉ የላከልንን ወረቀት ሳነብ በሐኪም ከሚታዘዝ የእርግዝና መከላከያ ትይዩ፣ ሠራተኛዋ የምትከፍለው 0 ዶላር እንደሆነ ተጽፎ አየሁ። ይህ መስመር ይውጣልኝ ብዬ ብጠይቀው፣ ሕግ ስለሚያስገድድ አይወጣም አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም። እኔ በምከፍለው ገንዘብ ሌላው ኃጢአት ቢሠራ ተባባሪ አልሆንምን? ኢንሹራንሱን ልተወው ወይስ ልፈርም?

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ከመፈረምዎ በፊት ወረቀቱን ማንበብዎ፣ ካነበቡም በኋላ ስለ ነፍስዎ ተጨንቀው መጠየቅዎ የሚያስመሰግንዎ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ ያለውን ወረቀት የሚያገላብጠው የወር ክፍያውን እስኪያገኝ ብቻ ነው። በጥያቄዎ ውስጥ ግን ሁለት ጉዳዮች ተደባልቀው ስለሚታዩኝ አስቀድሜ ልለያቸው። አንደኛው ክርስቲያን በገዛ ትዳሩ ውስጥ መከላከያ መውሰድ ይገባዋልን የሚለው ነው። ሁለተኛው የሠራተኛን ዋጋ የሚከፍል ሰው፣ ሠራተኛው በተቀበለው ዋጋ ስለሚያደርገው ነገር ምን ያህል ይጠየቃል የሚለው ነው። የጠየቁኝ ሁለተኛውን ነው፤ ጭንቀትዎ የመጣው ግን ከመጀመሪያው ነው።

ስለ መጀመሪያው በአጭሩ ልናገር። ልጆች የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ መዝሙረኛው ይነግረናል (መዝ. 126፥3)። ባልና ሚስት ልጆቻቸውን አራርቀው ለመውለድ ሲፈልጉ መምህራን በአብዛኛው የሚያስተምሩት መንገድ ራስን መግዛት ነው። ሐዋርያው ጥንዶች ለጸሎት እንዲተጉ ተስማምተው ለጊዜው እንዲለያዩ የፈቀደውን ቃል (1ኛ ቆሮ. 7፥5) መሠረት አድርገን በአጽዋማት መኝታ ስለምንለይ፣ ይህ ትምህርት ለጿሚ ክርስቲያን እንግዳ አይሆንበትም። በመድኃኒት መከላከልን ብዙ መምህራን አይደግፉትም። ሆኖም የእናቲቱ ሕመም፣ የቤቱ ሁኔታ፣ የባልና የሚስት አቅም ከሰው ሰው ስለሚለያይ፣ የእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ በንስሐ አባት ፊት የሚታይ ነው። የተፀነሰውን ማጥፋት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ፣ ነፍስ መግደል ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከር መምህር አላውቅም።

አሁን ወደ ተጠየቀው እንምጣ። ሕጉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ለኅሊናም ስለሚጠቅም ጥቂት ላብራራ። በአሜሪካ ቀድሞ ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች ለደም ግፊትና ለመሳሰሉት የሚታዘዙ መድኃኒቶችን እየሸፈኑ የእርግዝና መከላከያን ለይተው ያስወጡ ነበር፤ ወጪው በሴቶች ላይ ብቻ ይወድቅ ነበር። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 በሐኪም የሚታዘዝ መከላከያ እንዲሸፈን በማዘዝ የመጀመሪያዋ ስቴት ሆነች። በሥራ ቦታ የሚፈጸም አድልዎን የሚከታተለው የፌዴራል ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ፣ በሽታን አስቀድሞ የሚከላከሉ ሌሎች መድኃኒቶችን እየሸፈኑ የእርግዝና መከላከያን ብቻ ማስወጣት በሴቶች ላይ የሚፈጸም አድልዎ ነው ሲል ወሰነ። ሰው ኦባማ ኬር የሚለው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2010 ከወጣ በኋላ፣ በ2011 በተሰጠው የአፈጻጸም መመሪያ መሠረት ከነሐሴ 2012 ጀምሮ አብዛኞቹ ውሎች ከሠራተኛዋ ተጨማሪ ክፍያ ሳይጠይቁ መከላከያን እንዲሸፍኑ ታዘዘ። በወረቀትዎ ላይ ያዩት ዜሮ ከዚህ የመጣ ነው። አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ከዚህ ግዴታ ነጻ ተደርገዋል።

ብዙ ያከራከረው የአማኝ ነጋዴዎች ጉዳይ ነው። ሆቢ ሎቢ የተባለው የንግድ ድርጅት ባለቤቶች ከ20ው የመከላከያ ዓይነቶች 4ቱን፣ ማለትም ሁለት የድንገተኛ ጊዜ እንክብሎችንና ሁለት ዓይነት ሉፖችን፣ የተፀነሰውን ሊያጠፉ ይችላሉ ብለው አንከፍልም አሉ፤ የቀሩትን 16ቱን ግን አልተቃወሙም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ፈረደላቸው። የሮም ካቶሊክ መነኮሳይያት የሆኑት፣ እንደ እርስዎ ድርጅት አረጋውያንን የሚጦሩት የድሆች ታናናሽ እኅቶች ደግሞ ለዓመታት ከተከራከሩ በኋላ፣ ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 መንግሥት የሃይማኖት ተቃውሞ ላላቸው አሠሪዎች ሰፋ ያለ ነጻነት የመስጠት ሥልጣን እንዳለው ወሰነ። ክርክሩ ከዚያም በኋላ አልተቋረጠም፤ ብዙ ስቴቶችም የራሳቸው አስገዳጅ ሕግ አላቸው። ስለዚህ ወኪሉ በደፈናው «አይወጣም» ያለዎት በእርስዎ ስቴት እውነት ሊሆንም ላይሆንም ስለሚችል፣ ይህን ከሕግ ባለሙያ ይጠይቁ። እኔ የምመልሰው «ሕጉ ቢፈቅድልኝስ ላስወጣው?» ለሚለው ነው።

በእኔ እምነት አያስፈልግም። ምክንያቴን ልናገር።

ኢንሹራንስ ከአሠሪ ኪስ የሚወጣ ምጽዋት አይደለም፤ የሥራ ዋጋ አካል ነው። ሠራተኛዋ ሽማግሌውን ስታጥብ፣ ስታነሣና ስታስተኛ የዋለችበት ዋጋ በከፊል በገንዘብ፣ በከፊል በኢንሹራንስ ይከፈላታል። ደመወዟን በጥሬው ሰጥተዋት ያንኑ እንክብል ከፋርማሲ ብትገዛ ኃጢአቱ የእኔ ነው አይሉም ነበር። ደመወዙ ከእጅዎ በወጣበት ሰዓት የእርሷ ሆኗል፤ ፈቃዷም ከእግዚአብሔር በተሰጣት ነጻነት የእርሷ ነው። በኢንሹራንስ ጊዜ የተለወጠው የገንዘቡ መንገድ ብቻ ነው፤ ያውም የእርስዎ ክፍያ ከብዙ ሰዎች ክፍያ ጋር በአንድ ቋት ተቀላቅሎ፣ ከዚያው ቋት የአንዱ የልብ ቀዶ ሕክምና፣ የሌላው የኩላሊት ሕመም፣ የአንዷም ምጥ የሚከፈልበት ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ጉዳይ ገጥሞት ነበር። በቆሮንቶስ ገበያ የሚሸጠው ሥጋ ከፊሉ ለጣዖት ከተሠዋው የመጣ ስለነበረ ምእመናን ይጨነቁ ነበር። እርሱ ግን በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ከኅሊና የተነሣ ሳይመራመሩ እንዲበሉ አዘዛቸው፤ «ይህ ለጣዖት የተሠዋ ነው» የሚል ሰው ሲኖር ግን ስለ ነገራቸው ሰው ኅሊና ሲሉ እንዲተዉት አስጠነቀቀ (1ኛ ቆሮ. 10፥25-29)። ልዩነቱን ያስተውሉ፤ ሐዋርያው ጣዖትን አልፈቀደም፤ ገንዘብ በገበያ ውስጥ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ እየተከተሉ ነፍስን ማስጨነቅን ነው የከለከለው። አንዲት ሠራተኛ በግልጽ መጥታ ፅንስ ላስወርድ ነውና ገንዘብ ስጪኝ ብትልዎትና ቢሰጧት፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያኔ በእጅዎ ገብተውበታል።

ሌላም ነገር አለ። በሐኪም የታዘዘ የእርግዝና መከላከያ እንክብል ሁሉ እርግዝናን ለመከላከል የሚወሰድ አይደለም። ስሟን ሳልጠራ እንድናገር የፈቀደችልኝ አንዲት እኅት በማስተምርበት አጥቢያ ነበረች። ቅዳሴ ሲደርስ ሁልጊዜ ነጠላዋን ተከናንባ ከደጅ፣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ቆማ ነው የማያት። በኋላ እንደነገረችኝ ደሟ በወር ከ20 ቀን በላይ ስለሚፈስ መቅደስ መግባት አልቻለችም፤ ቆማ ስታስቀድስም ጉልበቷ ይከዳት ነበር። ሐኪሟ ያዘዘላትን እንክብል የመከላከያ መሆኑን ስታውቅ ወደ ቤቷ ወስዳ ሳትከፍተው መሳቢያ ውስጥ አኖረችው። የንስሐ አባቷ «ልጄ፣ ይህ ለአንቺ መድኃኒትሽ ነው» ብለው እስኪያስወስዷት ድረስ ወራት አለፉ። በወንጌል ያለችው 12 ዓመት ደም ይፈስሳት የነበረች ሴት ገንዘቧን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከስክሳ እንደነበር ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. 8፥43)፤ ይህችኛዋ እንኳ ኢንሹራንስ ነበራት። እርስዎ መስመሩን ቢያስወጡት ከ14ቱ መካከል እንደዚህች ያለችው የትኛዋ እንደሆነች በምን ያውቃሉ? ልጠይቃቸው ቢሉስ፣ የሴትን ሕመም ለአሠሪዋ እንድታስረዳ ማስገደድ ከእርስዎ የሚጠበቅ ነውን?

ኢንሹራንሱን ጨርሶ መተውን በተመለከተ፣ ከ50 በታች የሙሉ ጊዜ ሠራተኞች ስላሉዎት የፌዴራሉ ሕግ እንዲገዙላቸው አያስገድድዎትም፤ ቢተዉት ቅጣት የለብዎትም። ነገር ግን ምን እንደሚሆን ያስቡት። ሠራተኞቹ በግላቸው ከመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ ይገዛሉ፤ እዚያ የሚሸጠውም ውል ያንኑ መከላከያ ይሸፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግብር በሚወጣ ድጎማ የሚገዛ ስለሆነ የእርስዎም ግብር ይገባበታል። አቅም ያጠራት ደግሞ ጨርሶ ሳትገዛ ትቀራለች። እርስዎ ከመከላከያው አልራቁም፤ የራቁት ከስኳር ሕመምተኛዋና ከልጇ አስም ነው። የሠራተኞች ደመወዝ ወደ ጌታ ጸባዖት ጆሮ እንደሚጮኽ ያዕቆብ (5፥4) የጻፈውን ሳነብ፣ ከመፈረምዎ ይልቅ መተውዎ ያስፈራኛል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ኅሊናዎ ቢቆረቆር አልነቅፍዎትም፤ እርሱም የተፀነሰውን ያጠፋሉ ስለሚባሉት ነው። እዚህ ላይ እውነቱን ለይቶ ማወቅ ይገባል። ፅንስ የሚያስወርዱ መድኃኒቶች በዚህ የመከላከያ ግዴታ ውስጥ አይገቡም። ሰው ፕላን ቢ በሚለው የድንገተኛ ጊዜ እንክብል ላይ የነበረው ጽሑፍ የተፀነሰው በማኅፀን እንዳይጣበቅ ሊያደርግ ይችላል ይል ነበር፤ የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ግን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ይህን አስተካክሎ፣ እንክብሉ የሚሠራው የሴቷ እንቁላል እንዳይወጣ በማድረግ ወይም በማዘግየት እንደሆነ አስታወቀ። ስለ ሉፕ ሐኪሞች በዋናነት የሚሉት ዘሩ ከእንቁላሉ እንዳይገናኝ ያደርጋል ነው፤ ከተገናኘ በኋላ የሚሠራበት ጊዜ አለ ወይ በሚለው ግን የሚጠራጠሩ አሉ። ከዚህ የተነሣ እነዚህን ብቻ መክፈል ኅሊናዬን ይከብደዋል የሚል አሠሪ ቢኖርና ሕጉም ቢፈቅድለት፣ ተቃውሞውን በጽሑፍ ያቅርብ። ግዴታ አደርግበት ዘንድ ግን አልደፍርም፤ ከቀሩት ጋር ደባልቆ ሁሉንም እንዲያስወጣም አልመክረውም።

ስለዚህ ይፈርሙ። ውሉን ለሠራተኞቹ ሲያብራሩ ያንን መስመር ማንበብም መዝለልም አይጠበቅብዎትም፤ ወረቀቱን እንዳለ ይስጧቸው። ማን ምን እንደወሰደች የሚገልጽ ነገር በሕግም ወደ አሠሪ ሊደርስ አይገባም፤ በስህተት ቢደርስዎት እንኳ ሳያነቡ ይመልሱት።

በመጨረሻ ሳይጠይቁኝ በደብዳቤዎ ጠርዝ የጻፉት አለ፤ «ለእኔም ዜሮ ዶላር ሆኖ ሳለ ባለቤቴ ለምን አትወስጂም ይለኛል» ብለዋል። እዚህ ላይ ነው በእውነት የሚጠየቁት፤ ዋጋው ዜሮ መሆኑም መልስ አይሆንም። ከባለቤትዎ ጋር ሁለታችሁም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ ሐኪም የነገረዎት ነገር ካለ ሳይደብቁ ይንገሯቸው፤ እርሳቸው ቤታችሁን ስለሚያውቁ ከእኔ የተሻለ ይመልሱላችኋል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።