አስቤዛውም ልጁም በብስክሌት

ጥያቄ፦ እትየ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ባሕር ዳር፣ አባይ ማዶ ነው። መኪና የለንም፤ የባጃጅ ሒሳብ ደግሞ ደመወዛችንን እየበላው ነው። በቅርቡ ብስክሌት ገዝቼ ሥራ በሱ መመላለስ ጀምሬያለሁ። ግን ከቅዳሜ ገበያ አስቤዛው አለ፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄቱ አለ፣ የ4 ዓመት ልጄን ከኬጂ ማምጣት አለ። ክረምቱም ደርሷል። ይሄን ሁሉ እንዴት ልቻለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ትችይዋለሽ። እኔም ልጆቼን ያሳደግሁት በብስክሌት እየተመላለስሁ ነው። ከተማችን ሜዳ መሆኗ ትልቅ ነገር ነው። በ2016 የተከፈተው አዲሱ የአባይ ድልድይም 380 ሜትር ሙሉ ለብስክሌት የሚሆን መንገድ ስላለው፣ ከማዶ ስትመጪ ከከባድ መኪና ጋር አትጋፊም።

ከሁሉ በፊት ግን ነጠላሽን። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የነጠላዬ ጫፍ የኋላ ጎማ ውስጥ ገባ። ጎማው ቀጥ አለ፣ እኔም አስፋልቱ ላይ ተዘረርሁ። ጥለቱ ሽቦው ላይ ተጠምጥሞ ስለነበር ከሱቅ መቀስ ለምነን ቆርጠን ነው ያወጣነው። ከዚያ ወዲህ መስቀለኛ አጣፍቼ ጫፉን ወገቤ ላይ ሳላስር አልነዳም። ሰፊ ቀሚስም እንደዚያው ነው፣ ሰብሰብ አድርጊው።

ዱቄቱን ሁሉ ከኋላ መጫኛው ላይ አትቆልዪ። ጭነት ከፍ ባለ ቁጥር ብስክሌቱ ይዋልላል፣ ከፊትም መሪው ይቀልልሻል። 20 ኪሎ ከሆነ ሁለት ቦታ ክፈይና በግራና በቀኝ ዝቅ አድርገሽ አንጠልጥዪው፣ ከረጢቱ ጎማውን እንዳይነካ ብቻ እያየሽ። ብዙዎቹ መጫኛዎች የሚችሉት 25 ኪሎ ያህል ነው፣ አንዳንዱ ብረቱ ላይ ተጽፎበታል። ለማሰሪያ ጎሚስታ ጋ ሂጂና ያረጀ ከመነዳሪ ጠይቂ፤ በቁመቱ ይሸንሽንልሽ። ከሲባጎ በጣም ይሻላል፣ መንገዱ ቢያንገጫግጭም አይላላም። ኩንታል ጤፍ ግን አይሞከርም። እሱን በጋሪ ወይም በባጃጅ ተኮናትረሽ አስመጪ፤ በየቀኑ የሚወጣ ወጪ አይደለም።

የልጁ ነገር ያሳስበኛል። ተራ መጫኛ ላይ ትራስ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፣ እኔ ግን አልወደውም። ልጅ እንቅልፍ ሲወስደው እግሩ ይላላና ተረከዙ ሽቦው ውስጥ ይገባል። አይቼዋለሁ፣ ክፉ ቁስል ነው። መደገፊያና የእግር መከለያ ያለው የልጅ መቀመጫ ፈልጊ፤ ካጣሽ ብረት በያጅ ይሠራልሻል። ልጁ ባለበት ቀን ዱቄት አይጫንም። ብስክሌቱን አቁመሽ፣ ልጁን ላዩ ላይ ትተሽ ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ሱቅ አትግቢ።

ለክረምቱ የዝናብ ልብስ ግዢ፣ ጃንጥላ ይዞ በአንድ እጅ መንዳት ይቅርብሽ። ፓራፋንጎ ከሌለው አስገጥሚ፣ ያለዚያ ጀርባሽ ጭቃ በጭቃ ይሆናል። ጎማ ሲረጥብ ፍሬን ቶሎ አይዝም፣ ስለዚህ ከወትሮው ቀድመሽ ቀስ እያልሽ ያዢ። ቤት ስትደርሺ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጥረጊና ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት አድርጊበት። የምግብ ዘይት አቧራ ይሰበስባል።

ጎማ ቢተነፍስብሽ ደግሞ፣ ከመነዳሪው ከተለጠፈ በኋላ ከመመለሱ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣትሽ ቀስ ብለሽ ዳብሺ። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ ሰፈር ሳትደርሺ እንደገና ይተነፍሳል።

ጥያቄ፦ እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፣ እዚህ ዳገት ነው። ለኛስ ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል ወንድሜ፣ ግን ማርሽ ያለው ግዛ። ደብረ ማርቆስ ከፍታው 2,400 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዳገቱ ለባሕር ዳር ሰው ሳንባ ይከብዳል፣ አንተ ለምደኸዋል። ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ወርደህ ብትገፋ ምንም ነውር የለበትም። እኔን የሚያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። የፊቱን ፍሬን ብቻ አንቀህ አትያዝ፣ ሁለቱንም ያዝ ለቀቅ እያደረግህ ከላይ ጀምረህ ውረድ። የፍሬኑን ጎማ በየሳምንቱ እየው፤ ላዩ ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ በዚያው ቀን አስቀይር።