«ባለበት ሁኔታ» ብለህ ፈርመሃል፣ ግን የገዛኸው የተነገረህን መኪና አይደለም

ጥያቄው የመጣው ካዛንቺስ ከሚሠራ ወንድማችን ነው፣ ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«ጋሼ ሰላም ነው? ከሦስት ወር በፊት በደላላ በኩል ከአንድ ግለሰብ 2011 ሞዴል መርሴዲስ ኢ 220 ሲዲአይ፣ ናፍጣ ገዛሁ። ጌጁ 118 ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚለው፣ ሻጩም "ኪሎ ሜትሩ ኦሪጅናል ነው" ብሎ በቴሌግራም ጽፎልኛል። ሰፈራችን ያለ መካኒክ ይዤ ሄጄ ሞተሩን አስነስቶ ሰማውና ሰላም ነው አለኝ። 3 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ከፈልኩ፣ ውልና ማስረጃ ላይ ግን 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ተብሎ ነው የተጻፈው። ሊብሬው በስሜ ዞሯል። ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ አደባባይ ላይ ኃይል አጣ፣ ነዳጅ ብረግጠው አይሄድም፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ጋራዥ ወስጄ ኮምፒውተር ሲሰኩበት በ276 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ የተመዘገበ አሮጌ ፎልት ኮድ (የብልሽት መዝገብ) ተገኘበት፣ ዲፒኤፉም፣ ማለትም የናፍጣውን ጥላሸት ከጭሱ የሚያጣራው ክፍል፣ ውስጡ ተቆርጦ ወጥቷል። ሻጩ ጋ ስደውል "አይተህ ነው የገዛኸው፣ ባለበት ሁኔታ ብለህ ፈርመሃል" ብሎ ዘጋብኝ። ጋራዡ ደግሞ ቱርቦውንና ነዳጅ ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ኢንጀክተር ዛሬውኑ እናውርድ እያለኝ ነው። ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ጋራዡ ጋ ደውልና ምንም ነገር እንዳያወርዱ ንገራቸው። አንድም ቡለን እንዳይፈቱ። ይሄን የምልህ አንድ የጥብቅና ደንበኛዬ ላይ የደረሰውን በዓይኔ ስላየሁ ነው፣ እሱም እንዳንተ ናፍጣ መኪና ገዝቶ በወሩ ሞተሩ አስቸገረውና መኪናው ለሥራ ስለሚያስፈልገው አራቱንም ኢንጀክተር አስቀይሮ ከሶማሌ ተራ ሌላ ገዝቶ አስገጥሞ ከዛ በኋላ ነው እኔ ጋ የመጣው። የወረዱትን ኢንጀክተሮች በማዳበሪያ ጠቅልሎ ልደታ ያለው ቢሮዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጣቸው፣ ክፍሉ ለሳምንት ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ችሎት ስንቀርብ ዳኛው የጠየቁት አንድ ነገር ነው፣ እነዚህ ከዚያ መኪና ላይ የወረዱ ስለመሆናቸው ማስረጃችሁ ምንድን ነው አሉ። አልነበረንም። ሻጩም የኔ መኪና ላይ የነበረው ሌላ ነው አለ፣ በቃ እዛው ላይ ቀረ። ስለዚህ ያንተ መኪና ሳይፈታ መርማሪ ይየው፣ እስከዛው ታክሲ ያዝ፣ ደረሰኝ ካለው ደግሞ ደረሰኙን አስቀምጥ።

አሁን ወደ «ባለበት ሁኔታ» ልምጣ። ይቺ ሐረግ አዲስ አበባ ውስጥ የማትገባበት የመኪና ውል የለም፣ ደላሎቹ ከአንዱ ውል ወደ ሌላው ይገለብጧታል፣ ሰዉም አንዴ ከተፈረመች ምንም መብት የሌለው ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ያለውን ብታነበው ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ከጉድለት ነፃ ለመሆኑ መድን፣ ማለትም ዋስ ነው ይላል። ተዋዋዮች ይሄንን መድንነት በውል መቀነስ ይችላሉ፣ «ባለበት ሁኔታ» ማለትም እሱ ነው፣ ነገር ግን ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ከደበቀ ያ የውል ቃል አያድነውም። በሌላ በኩል ገዢው ያወቀውን ወይም ዓይን ላለው ሁሉ የሚታየውን ጉድለት በኋላ ተነስቶ አላየሁም ማለት አይችልም። በሩ ላይ ጭረት ካለ፣ ጎማው ካለቀ፣ ኤሲው ካልሠራ፣ እነዚህን «ባለበት ሁኔታ» ውስጥ ነው የገዛሃቸው። ወደኋላ የተመለሰ ኪሎ ሜትር ግን ዓይን የሚያየው ነገር አይደለም።

የሻጩ ጠበቃ እዚህ ጋ ምን እንደሚል ልንገርህ። ቁጭ በልና የፍሬን ፔዳሉን ጎማ ተመልከተው፣ 276 ሺህ የሄደ መኪና ከሆነ ጎማው ልሙጥ ሆኗል፣ መሪው ላይ በግራ እጅህ የምትይዝበት ቦታ ቆዳው አብረቅርቆ ሊሆን ይችላል፣ የሾፌሩ ወንበር መውጫ ጠርዙም ተልጧል። «ይሄን እያየ 118 ሺህ ነው ብሎ ያመነው ራሱ ነው» ይልሃል። መልሳችን ምንድነው፣ አንተ መካኒክ አይደለህም፣ መካኒክ ይዘህ ሄደህ የአቅምህን ያህል መርምረሃል፣ ሻጩ ደግሞ በጽሑፍ ኦሪጅናል ነው ብሎ አረጋግጦልሃል፣ እሱ ባለቤቱ እያለ አንተ የፔዳል ጎማ አይተህ ልትጠረጥረው አይጠበቅብህም። መካኒክህ ኮምፒውተር ባለመሰካቱ እንዳትናደድበት፣ ይዘኸው መሄድህ ራሱ ጠቅሞሃል።

ቴሌግራሙን እንዳታጠፋው። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም፣ ቻቱ ስልክህ ላይ እንዳለ ይቀመጥ፣ ስልኩንም አትቀይር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል፣ ስለዚህ «ቴሌግራም ማስረጃ አይሆንም» የሚልህን ሰው አትስማ። ፎልት ኮዱንም ጋራዡ አትሞ፣ ቀን ጽፎ፣ የሻንሲ ቁጥሩ የሚታይበት አድርጎ፣ ማኅተም መትቶ ይስጥህ። ያ ወረቀት የክርክርህ ዋልታ ነው። ብልሽቱ የተመዘገበው 276 ሺህ ላይ ሆኖ ጌጁ ዛሬ ገና 120 ሺህ ገደማ የሚል ከሆነ ማንም ዳኛ መካኒክ መሆን ሳያስፈልገው ይገባዋል። ኮፈኑ ስር ወይም በሩ ጠርዝ ላይ የድሮ የዘይት መቀየሪያ ካርድ ተለጥፎ እንደሆነም ፈልግ፣ ጌጁን የሚያስመልሱ ሰዎች እሱን ብዙ ጊዜ ይረሱታል።

ዲፒኤፉን በተመለከተ ግን ሐቁን ልንገርህ፣ እሱን ብቻ ይዘህ ብትመጣ ኖሮ ይሄን ያህል ተስፋ አልሰጥህም ነበር። ዲፒኤፍ የሚያጠራቅመውን ጥላሸት አቃጥሎ ለማጽዳት የጭስ ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መድረስ አለበት፣ ለዚህ ደግሞ መኪናው በተከታታይ ረዘም ላለ ጊዜ በፍጥነት መሄድ አለበት። ከሜክሲኮ ካዛንቺስ በትራፊክ እየቆመ እየሄደ የሚውል መኪና እዛ ሙቀት ላይ አይደርስም፣ ይታፈናል፣ ከዛ ባለቤቱ ጋራዥ ሄዶ ውስጡን ያስቆርጠዋል፣ ሶፍትዌሩንም ያስቀይረዋል። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ሻጩ «የተለመደ ነው» ብሎ ይከራከራል። እኔ በክሱ ውስጥ አስገባዋለሁ፣ ግን ከኪሎ ሜትሩ ኋላ።

ትልቁ ራስ ምታትህ ዋጋው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣህ ነው፣ አትቀየመኝ። 3 ሚሊዮን 800 ሺህ ከፍለህ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብሎ ማስጻፍ ሁሉም ያደርገዋል፣ ደላላውም «ለስም ማዘዋወሪያው እንዳይበዛብህ» ብሎ ይመክርሃል፣ ነገር ግን በጽሑፍ የሰፈረና የተፈረመ ውል በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2005 እይ፣ ይዘቱንም በሰው ምስክር ላፍርስ ብትል አይፈቀድልህም። ዛሬ ውሉ ቢፈርስ ሻጩ «የተቀበልኩት 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ነው፣ ያውላችሁ» ብሎ ሊመልስልህ ይሞክራል። 2 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር አየር ላይ ቀረ ማለት ነው። ገንዘቡን በባንክ ነው ያስተላለፍከው? ይሄን አልጻፍክልኝም። በባንክ ከሆነ እፎይ በል፣ ስቴትመንቱን አውጣ፣ በሻጩ ስም ወይም እሱ ባዘዘው አካውንት የገባው ሁሉ ይታያል። ደላላው ቢሮ የተጻፈ ሁለተኛ ወረቀት ካለም እውነተኛው ዋጋ ያለበት ከሆነ እሱን ይዘህ ና። ልዩነቱን በካሽ ቆጥረህ ሰጥተህ ከሆነ ግን ሌላ መንገድ ነው የምንሄደው።

እሱም እንዲህ ነው። አብዛኛው ሰው «ውሉ ይፍረስልኝ» ብሎ ነው የሚመጣው። ማስፈረስ ትችላለህ፣ በማታለል ምክንያት በቁጥር 1704 መሠረት ማለት ነው፣ ለዚህ ደግሞ ሁለት ዓመት አለህ፣ ቁጥር 1810። እኔ ግን ቆም ብለህ አስላ ነው የምልህ። ከ2016 ጥር ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ያገለገለ መኪና ላይ ያለው ኤክሳይዝ ታክስም በ2012ቱ አዋጅ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነው፣ በሐምሌ 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪው ለገበያ ተለቋል። አገር ውስጥ ያለ መኪና ዋጋው ወዴት እንደሚሄድ ከኔ በላይ ደላላህ ይነግርሃል። ክሱ ተጓትቶ ሲያልቅ ፍርድ ቤት የሚመልስልህ ያኔ የከፈልከውን ብር በቁጥሩ ነው፣ በዛ ብር ያንን መኪና አታገኘውም። መኪናውን ይዘህ በቁጥር 1790 መሠረት ኪሳራህን ብትጠይቅስ? የማሠሪያውን ወጪ፣ በ118 ሺህና በ276 ሺህ መኪና መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት ባለሙያ ገምቶት፣ የቆመበትን ጊዜ ትራንስፖርትም ጨምረህ ማለት ነው። እንደዛ ስታደርግ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ ያን ያህል አያንቅህም፣ ምክንያቱም የምትጠይቀው የከፈልከውን ሳይሆን የጎደለብህን ነው። ባንተ ቦታ ብሆን እኔ ይሄን ነው የምመርጠው። ክሱም ከ10 ሚሊዮን ብር በታች ስለሆነ ፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ነው የሚታየው።

ፖሊስ ጋ ልሂድ ወይ የሚል ሐሳብ እንዳለህ አውቃለሁ፣ አታሎ ጥቅም ማግኘት በወንጀል ሕጉ ቁጥር 692 ያስቀጣል፣ መሄድ መብትህ ነው። ነገር ግን ጌጁን ያስመለሰው እሱ ራሱ መሆኑን ወይም ማወቁን ማሳየት አለብህ፣ እሱም ከሌላ ሰው እንደዛው ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ፍትሐ ብሔሩ ላይ ግን ኦሪጅናል ነው ብሎ የጻፈልህ እሱ ስለሆነ ቃሉን ይዘን እንሄዳለን። ወንጀሉን ለማስፈራሪያ ብቻ አትጠቀምበት፣ «ገንዘቤን ካልመለስክ አሳስርሃለሁ» የሚል መልእክት ከላክ ክሱ ወዳንተ ሊዞር ይችላል።

ሌሎቻችሁ ገና ልትገዙ ያሰባችሁ ሁለት ነገር ብቻ። ሻጩ ያገባ ከሆነ ባለቤቱ ትፈርም ወይም ይፈርም፣ በቤተሰብ ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም፣ ያልፈረመው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ይፍረስልኝ ማለት ይችላል። ኤግዝኪዩቲቭ ናፍጣ መኪና ብዙውን ጊዜ ከቀረጥ ነፃ ከሚያስገቡ ኤምባሲና ድርጅቶች ስለሚወጣ ደግሞ ቀረጡ መከፈሉን ሳታዩ ቀብድ እንዳትሰጡ።

አንተ ወንድሜ፣ መኪናው እስኪመረመር ድረስ የምትሠራው ሥራ አንድ ነው፣ ደብዳቤ። ሕጉ ገዢ ጉድለቱን እንዳወቀ ወዲያው ለሻጩ ያስታውቅ ይላል፣ ስልክ ደውለህ እሱ ዘጋብህ ማለት ደግሞ ነገ ችሎት ላይ «አልደወለልኝም» ነው የሚባለው። በደብዳቤው ላይ ጉድለቱን በዝርዝር ጻፍ፣ ኪሎ ሜትሩን፣ ዲፒኤፉን፣ ኃይል ማጣቱን፣ ከዛ «በዚህ ቀን በዚህ ጋራዥ መጥተህ አብረን እናስመርምር» ብለህ ጥራው። ባይመጣም መጥራትህ ይቆጠርልሃል። ከገዛህ ወዲህ ዘይትና የናፍጣ ፊልትሮ የቀየርክበትን ደረሰኝም ፈልገህ አስቀምጥ፣ ይሄ መኪና በዲፒኤፍ የሚሠራ ተብሎ የወጣ ስለሆነ ዝቅተኛ አመድ ያለው ዘይት ነው የሚፈልገው፣ ያገኘኸውን ዘይት አስሞልተህ ከሆነ ሻጩ «ያበላሸው እሱ ነው» ለማለት ቀዳዳ ያገኛል። ደብዳቤውን ሁለት ኮፒ አድርገህ ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት በአደራ ላከው፣ አንዱን አንተ ጋ አስቀር። በቁጥር 2298 ክስ የምታቀርብበት አንድ ዓመት የሚቆጠረው ካስታወቅህበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ደረሰኙ ላይ ያለው ማኅተም ቀኑ በደንብ መነበቡን እዛው መስኮቱ ጋ ቆመህ አረጋግጥ፣ ከደበዘዘ ድጋሚ አስመታ።